ለቪዛ ተብሎ የተገዛ ኢንሹራንስ ሲታመሙ ላይሰራ ይችላል

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር መማር ለሚፈልጉ ልጆች የምታወጡትን አምድ ሳላነብ አላልፍም፣ ብዙ ቤተሰብም እየቆረጠ እንደሚያስቀምጠው አውቃለሁ። መቼ ማመልከት እንዳለባቸው፣ ስኮላርሺፑ ምን እንደሚሸፍን፣ ለቪዛ ኢንተርቪው ምን ይዘው እንደሚቀርቡ ጥሩ አርጋችሁ ነው የምታስረዱት። የጤና ኢንሹራንስ ላይ ስትደርሱ ግን ሁሌም "የጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል" ብላችሁ ነው የምታልፉት፣ ሌላ ቃል የለም። እኔ ውጭ ተምሬ ከጨረስኩ በኋላም አዲስ የሚመጡ ተማሪዎችን በወረቀት ጉዳይ ስለማግዝ የዚች አንድ መስመር መዘዝ የት ድረስ እንደሚሄድ አያለሁ፣ ለዛ ነው ዛሬ እንዲህ አስረዝሜ የምጽፍላችሁ፣ ቢረዝምም ቆራርጣችሁ እንዳታወጡት አደራ።

ከሚመጡት ልጆች ኢንሹራንስ የሌለው የለም ማለት ይቻላል። ፒዲኤፉ ስልካቸው ላይ አለ፣ ቪዛ ሲጠይቁ አስገብተውታል። ግን ምንድነው የገዛኸው ሲባል ዋጋውን ነው የሚናገረው፣ ከዛ በላይ ምንም አያውቅም፣ ኤጀንቱ ነው የላከልኝ፣ ርካሹን ያዝ ቪዛውን ያሳልፋል ብለውኝ ነው ይላል። ኤምባሲ እኮ የሚያየው ወረቀቱ ላይ የተጠየቀው መጠንና ቀን አለ ወይ የሚለውን ነው፣ ልጁ አስም ይኑርበት፣ ወር በወር የሚወስደው መድሃኒት ይኑር አይኑር የሚጠይቅ የለም። ልጁም ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ተማምኖ ይሄዳል፣ የታመመ ቀን ነው የገዛው ነገር ለሱ እንዳልሆነ የሚገባው።

ለምሳሌ ለአጭር ጊዜ የሼንገን ቪዛ ሲጠየቅ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይፈለጋል። ይሄ ለተጓዥ የተሰራ ነው፣ ድንገት እግሩ ቢሰበር፣ ድንገት ልቡን ቢያመው አክመው አገሩ እስኪመለስ የሚያቆዩበት ነው። ሁለት ሶስት አመት ተቀምጦ ለሚማር ሰው አይደለም። ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል፣ ለእርግዝና፣ ለጥርስ፣ ለድብርት ህክምና ብዙውን ጊዜ ምንም አይከፍልም። ግን ርካሽ ስለሆነ ለአመታት ትምህርትም እሱኑ እያደሱ የሚኖሩ ልጆች አሉ፣ ሳይታመሙ ስለቆዩ ብቻ ጥሩ ኢንሹራንስ የያዙ ይመስላቸዋል።

በአይኔ ያየሁትን አንዱን ልንገራችሁ። አስም ያለባት ልጅ ነች፣ ኢንሄለሯ ሲያልቅ ፋርማሲ ሄዳ ካርዷን ብትሰጥ አይሸፍንም ተባለች፣ ስህተት ነው ብላ ስላሰበች ፖሊሲውን፣ ማለት የኢንሹራንሱን የውል ሰነድ፣ አብረን ከፈትነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትልቁ የሽፋን መጠን በደማቁ ተጽፏል፣ የሚስቁ ወጣቶች ፎቶ አለ። ወደ ኋላ ስንሄድ የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር መጣ፣ እሱ ብቻውን ከሚሸፈኑት ሁሉ ይረዝማል። ፖሊሲው ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 12 ወራት ምልክት የታየበት፣ ሀኪም የተማከሩበት ወይ መድሃኒት የተወሰደበት ማንኛውም ህመም አይሸፈንም ይላል። የሷ አስም ከህጻንነቷ ጀምሮ ነው። ከዛ ስር እርግዝና፣ ጥርስ፣ መነጽር፣ በውድድር ስፖርት ላይ የደረሰ ጉዳት፣ አልኮል ተጠጥቶ የደረሰ ጉዳት፣ ራስን ለመጉዳት በመሞከር የመጣ ህክምና እያለ ይቀጥላል። ልጅቷ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ ከዛ "ታዲያ ምንድነው የሸጡልኝ?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ለዚህ ነው እኔ ፖሊሲ ሲላክልኝ መጀመሪያ የማነበው የማይሸፈኑትን ዝርዝር የሆነው። የሽፋኑ መጠን ሚሊዮን ቢሆን እንኳ የልጁ ህመም እዛ ዝርዝር ውስጥ ካለ ለሱ ዜሮ ነው። ኢንግሊዝኛው ከባድ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው ከባድ ነው፣ ግን ኩባንያው ኢሜይል አለው፣ ይሄ ይሄ ህመም አለብኝ ይሄን መድሃኒት እወስዳለሁ ትሸፍኑልኛላችሁ ወይ ብሎ ጽፎ መልሱን በጽሁፍ ማስቀረት ይቻላል። በስልክ አዎ ያለ ሰው በኋላ አይገኝም። ህመም አለብኝ ካልኩ አይቀበሉኝም ብሎ የሚደብቅ ደሞ አለ፣ እሱ ይብሳል፣ በኋላ ኩባንያው የህክምና ታሪኩን ጠይቆ ቀድሞ እንደነበረበት ካየ ክሌሙን (የክፍያ ጥያቄውን) ከመጣል አልፎ ፖሊሲውን ራሱ ሊሰርዘው ይችላል።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር አገር ከአገር ምን ያህል እንደሚለያይ ነው፣ ካናዳ ያለ ዘመድ የነገረው ጀርመን አይሰራም።

እንግሊዝ ለምሳሌ ከስድስት ወር በላይ ለሚማር ሰው የኢንሹራንስ ፖሊሲ ግዛ አይሉም፣ ከቪዛው ጋር የጤና ሰርቻርጅ የሚባል ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላሉ፣ ሲጀመር በ2015 (የማነሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለተማሪ በአመት 150 ፓውንድ ነበር፣ ከየካቲት 2024 ጀምሮ 776 ፓውንድ ሆኗል። የሚከፈለው በየአመቱ ሳይሆን ለቪዛው ሙሉ ጊዜ በአንዴ ነው፣ ስለዚህ የአንድ አመት ማስተርስ የሚማር ሰው ቪዛው ከአመት በላይ ስለሚሰጠው ብዙ ጊዜ 1,164 ፓውንድ ይደርስበታል፣ ሚስትና ልጅ ይዞ መሄድ የሚፈቀድለት ከሆነ ለነሱም ለየብቻ ይከፍላል። ይሄን የማያውቅ ቤተሰብ የቪዛውን ክፍያ ብቻ አዘጋጅቶ ይቀመጥና በመጨረሻው ሳምንት ብድር ፍለጋ ይሯሯጣል። አንዴ ከተከፈለ ግን ጥሩ ነው፣ ኤንኤችኤስን፣ ማለት የመንግስቱን የጤና አገልግሎት፣ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ይጠቀማል። ችግሩ ከፍለው ሲያበቁ የሰፈራቸው ጂፒ (ጠቅላላ ሀኪም) ጋር ሳይመዘገቡ የሚቀመጡት ናቸው፣ ሲያማቸው ነው ምዝገባ የሚጀምሩት። የደረሱበት ሳምንት መመዝገብ እኮ ምንም አያስከፍልም።

ጀርመን እድሜው ከ30 በታች የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በተማሪ ታሪፍ የህዝብ ኢንሹራንስ ውስጥ ይገባል፣ ቴካ፣ አኦካ፣ ባርመር የሚባሉት ናቸው፣ በወር ከ100 ዩሮ በላይ ነው የሚከፈለው፣ ኢንሹራንሱ በኦንላይን ለዩኒቨርሲቲው ካላረጋገጠ ምዝገባ የለም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ልጅ የሚሳሳተው፣ በወር ይሄን ያህል ከምከፍል ብሎ ርካሽ የፕራይቬት ኢንሹራንስ ይገዛና ከህዝቡ ነጻ ልሁን ብሎ ይፈርማል። ያቺ ፊርማ በትምህርቱ ዘመን አትመለስም። በኋላ ታሞ የህዝቡን ልግባ ቢል አይሆንም፣ ተማሪ ሆኖ እስካለ ድረስ በፕራይቬቱ ይቀጥላል። የቋንቋ ኮርስና የመሰናዶ ትምህርት ላይ ያሉ ደሞ በተማሪ ታሪፉ ስለማይገቡ ለዛ ጊዜ ሌላ መግዛት አለባቸው፣ 30 የሞላውም እንደዛው የራሱን መንገድ መፈለግ አለበት፣ ፒኤችዲ የሚሄዱት ላይ ይሄ በብዛት ይመጣል።

ቱርክ ደሞ ቀን ነው የሚበላው። የውጭ ተማሪ የመንግስቱን አጠቃላይ የጤና ኢንሹራንስ መግባት የሚችለው መጀመሪያ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ በሶስት ወር ውስጥ ካመለከተ ነው፣ ካለፈው በዛ ትምህርት አለቀ። ለመኖሪያ ፈቃድ ብሎ ርካሹን የፕራይቬት ፖሊሲ ገዝቶ የተቀመጠ ልጅ ይሄን የሚሰማው ብዙውን ጊዜ አራተኛ አምስተኛ ወሩ ላይ ነው፣ ሲሰማ ምን ያህል እንደሚያዝን አትጠይቁኝ።

አውስትራሊያ ለተማሪ ቪዛ ኦኤስኤችሲ የሚባለውን የውጭ ተማሪዎች የጤና ኢንሹራንስ ለሙሉ ቆይታ መግዛት ግዴታ ነው፣ ለእርግዝና ግን የመጠበቂያ ጊዜ ሊኖረው ስለሚችል ባለትዳሮች ቀድመው ይጠይቁ። ጃፓን ከሶስት ወር በላይ የሚቆይ ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ብሔራዊ ኢንሹራንሱን ይመዘገባል፣ 70 ከመቶውን እሱ ይከፍላል 30ውን ታካሚው። ደቡብ ኮሪያ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ተማሪዎች በግዴታ ይገባሉ፣ ወርሃዊው ሳይከፈል ከተጠራቀመ ቪዛ እድሳት ላይ ችግር ያመጣል። ፈረንሳይ ከ2018 ወዲህ የውጭ ተማሪ በነጻ ይመዘገባል፣ የጠቅላላ ሀኪም ክፍያን 70 ከመቶ ይመልሳል፣ ቀሪውን የሚሸፍን ተጨማሪ መግዛት የራስ ምርጫ ነው። ካናዳ እንደ ክፍለ ሀገሩ ነው፣ ሳስካችዋን ተማሪዎችን በህዝብ ኢንሹራንሱ ሲያስገባ ኦንታሪዮ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያስገባው ዩሂፕ በሚባል በሌላ ፕላን ነው፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደሞ መጀመሪያ ላይ ወደ ሶስት ወር የሚጠጋ መጠበቂያ ስላለው ለነዛ ወራት ጊዜያዊ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፣ ማኒቶባ በ2018 ከህዝቡ ሽፋን አስወጥቷቸዋል። ያው ህጉ እንደሚቀየር ለማሳየት ነው ይሄን ያነሳሁት፣ ከአመታት በፊት እዛ የተማረ ሰው በነጻ ነው ቢላችሁ አልዋሸም ግን የሱ ዘመን አልፏል።

የአሜሪካው ለብቻው መነገር አለበት፣ ልጆቻችን የሚጎዱትም እዛ ነው። ኤፍ-1 በሚባለው የተለመደው የተማሪ ቪዛ ላይ የፌደራል መንግስቱ ኢንሹራንስ ያዝ ብሎ አያስገድድም፣ ግዴታውን የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ ነው። ጄ-1 የሚባለው የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ ከሆነ ግን በደንብ የተጻፈ አለ፣ ለአንድ ህመም ወይ አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር፣ ለህክምና ለማጓጓዝ 50,000፣ ሞት ቢመጣ አስከሬን ለመመለስ 25,000፣ ተማሪው ቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለው ዲዳክቲብል ደሞ በአንድ ህመም ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ይላል፣ ጄ-2 የያዙ ሚስትና ልጆችም እንደዛው መያዝ አለባቸው። 100,000 ዶላር ለሰሚው ብዙ ነው፣ ከባድ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ለተኛ ሰው ግን ቶሎ ያልቃል። ህጉ ያወጣው ዝቅተኛውን ነው፣ በቂ ነው አላለም።

ብዙ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፕላን ከትምህርት ክፍያው ጋር አብሮ ይጭናል፣ ዋጋው ያስደነግጣል፣ ተማሪውም ከውጭ ርካሽ ገዝቶ ያንን ለማስቀረት በሴሚስተሩ መጀመሪያ ዌቨር የሚባል ማመልከቻ ያስገባል። እኔ ማንንም ውድ ግዛ አልልም፣ የገንዘብ ነገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሁለቱ አንድ አይነት እቃ አይደሉም። አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ፕላን በአሜሪካ የጤና ህግ ስር ስለሆነ ቀድሞ የነበረ ህመምን፣ የአእምሮ ጤናን፣ መድሃኒትን፣ ወሊድን መሸፈን አለበት፣ በአመት ይሄን ያህል ብቻ ብሎ ጣሪያ ማስቀመጥም አይችልም። ለውጭ ተማሪ እየተባለ በኦንላይን የሚሸጠው ርካሹ ፕላን ብዙውን ጊዜ ከዛ ህግ ውጭ ነው። የዋጋው ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው።

ካርድ ይዞ ገብቶ በነጻ ታክሞ የሚወጣ የሚመስለው አለ፣ ስለዚህ ሂሳቡን ላሳያችሁ። የህክምናው ሂሳብ፣ ቢሉ፣ 6,000 ዶላር መጣ እንበል፣ ፕላኑ ዲዳክቲብሉ 500 ሆኖ ከዛ በኋላ 80 ከመቶ የሚከፍል ነው። ተማሪው መጀመሪያ 500 ከኪሱ፣ ከቀረው 5,500 ደሞ 20 ከመቶውን ማለት 1,100፣ በድምሩ 1,600 ዶላር ይከፍላል። ይሄም ሀኪም ቤቱ በኢንሹራንሱ ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለት ከኩባንያው ጋር ውል ካላቸው ውስጥ፣ ከሆነ ነው፣ ከኔትወርክ ውጭ ከሄደ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው 60 ከመቶ ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ላይከፍልም ይችላል። በአመት ከዚህ በላይ አትከፍልም የሚል ጣሪያ አለው ወይ ብሎ ማየትም ያስፈልጋል፣ ጣሪያ የሌለው ፕላን ላይ 20 ከመቶው እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው።

እና ለጉንፋን፣ ለሽንት ቃጠሎ፣ ለትንሽ ቁስል ኢመርጀንሲ አይኬድም፣ የግቢው ክሊኒክ አለ፣ ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ክፍያው ቀድሞ ከትምህርት ክፍያ ጋር ስለሚቆረጥ ማየቱ በነጻ ወይ በትንሽ ብር ነው። ክሊኒኩ ከተዘጋ ኧርጀንት ኬር የሚባል ያለ ቀጠሮ የሚያይ ክሊኒክ አለ፣ ከኢመርጀንሲ በጣም ይረክሳል።

ይሄን ስል ግን በጣም የምፈራው ነገር አለ፣ ልጆቹ የቢሉን ወሬ ሰምተው ሰምተው እውነተኛ አደጋ ሲመጣም ሳይሄዱ መቅረታቸው። አንድ ልጅ ሆዱን በቀኝ በኩል ወደ ታች ጠቅልሎ እያመመው፣ እያስመለሰው፣ ትኩሳት እያለው ዶርም ውስጥ ተኝቶ አደረ፣ የክፍል ጓደኛው አምቡላንስ ልጥራ ሲለው እንዳትጠራ ብሎ ለመነው። ጓደኛው ጠዋት አስገድዶ በታክሲ ወሰደው፣ አፔንዲክሱ ፈንድቶ ነበር። ተርፏል፣ ተመስገን ነው። የሚያናድደኝ ግን ልጁ ጥሩ የትምህርት ቤት ፕላን ነበረው፣ አብዛኛውን ኢንሹራንሱ ከፈለለት፣ ሌሊቱን ሄዶ ቢሆን ህክምናውም ቀላል ወጪውም ያነሰ ይሆን ነበር። ምን እንደሚያስከፍለውና ምን እንደማያስከፍለው የነገረው ሰው ስላልነበረ በፍርሃት ሊሞት ነበር። ደረት የሚጫን ህመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ፊት ወይ እጅ ድንገት መዛል፣ የማይቆም ደም፣ እንዲህ አይነት የሆድ ህመም፣ እነዚህ ሲመጡ ስለ ገንዘብ አይታሰብም፣ በቃ ይኬዳል። አሜሪካ በ1986 የወጣ ኤምታላ የሚባል ህግ አለ፣ ኢመርጀንሲ ያለው ሆስፒታል ማለት ይቻላል ሁሉም ሰውየው ይክፈል አይክፈል ሳይጠይቅ መርምሮ ከአደጋ ማውጣት አለበት። ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ቢሉ በኋላ ይመጣል፣ በቢል ላይ ግን መነጋገር ይቻላል።

ስለ ቢሉም ልበል። ከህክምና በኋላ ከኢንሹራንሱ በኩል የሚመጣ ወረቀት አለ፣ ሆስፒታሉ ስንት እንደጠየቀ፣ ኢንሹራንሱ ስንት እንደከፈለ፣ ተማሪው ስንት እንደሚቀረው የሚያሳይ፣ ላዩ ላይ ይሄ ቢል አይደለም ይላል። ልጆቹ ትልቁን ቁጥር ያዩና ደንግጠው በክሬዲት ካርድ ሊከፍሉ ይሯሯጣሉ። ወይ ደሞ ፈርተው ፖስታውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፣ ከወራት በኋላ ኮሌክሽን የሚባለው እዳ ሰብሳቢ ይደውላል። ሁለቱም አይሆንም። ዝርዝር ቢል እንዲላክ መጠየቅ ነው፣ ያልተሰራ ምርመራ፣ ሁለቴ የተጻፈ መድሃኒት ይገኛል። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ካለ በጤና ህጉ ስር ላሉ ፕላኖች ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለ፣ ደብዳቤው ላይ ምክንያቱን መጻፍ ግዴታቸው ነው፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ህመሙ ሳይሆን የጎደለ ፎርም ነው፣ አደጋው የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ወረቀት ልከው መልስ ስላጡ ብቻ የዘጉት ክሌም አይቻለሁ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ደሞ አቅም ለሌለው ሰው የክፍያ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖራቸው የፌደራል ህግ ያስገድዳቸዋል፣ ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከመጣ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል፣ የውጭ ተማሪ ያስገባል አያስገባም የሚለው እንደ ሆስፒታሉ ነው፣ ግን ሳይጠይቁ መቅረት የለም። ከ2022 ጀምሮ የሚሰራው የድንገተኛ ቢል መከላከያ ህግም አለ፣ ኢመርጀንሲ ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ቢገኝ ህጉ የሚመለከተው ፕላን የያዘን ሰው ይጠብቀዋል፣ የመሬት አምቡላንስን ግን አይጨምርም፣ ስለዚህ የአምቡላንስ ቢል ለብቻው ከባድ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ያ አፔንዲክስ የታመመው ልጅ ሌላም ነገር ነበረበት፣ ኮርስ ሊጥል ፈልጎ ቪዛዬ ይበላሻል ብሎ ፈራ። ኤፍ-1 ላይ ያለ ተማሪ በህመም ምክንያት ኮርስ መቀነስ ይፈቀድለታል፣ የሀኪም ደብዳቤ ይዞ የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ቀድሞ ማስፈቀድ ነው፣ በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር ይደርሳል። ሳያስፈቅዱ ኮርስ መቀነስ ነው የቪዛውን ስታተስ የሚያበላሸው።

የአእምሮ ጤናን በተመለከተ ቤተሰብ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። ልጁ ብቻውን ነው፣ ጨለማና ብርድ ሊኖር ይችላል፣ ውጤት ሲወርድ ስኮላርሺፑ ሊቋረጥ ነው የሚል ጭንቀት አለ፣ ቤት ሲደውል ደህና ነኝ ይላል። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የተወሰነ ጊዜ ነጻ ካውንስሊንግ (የስነ ልቦና ምክር) ይሰጣል፣ ልጆቹ ግን አይሄዱም፣ ለኢሚግሬሽን ይነገርብኛል፣ ለስፖንሰሬ ይነገርብኛል፣ ቤተሰቤ ይሰማል ብለው ይፈራሉ። ከ18 አመት በላይ የሆነ ሰው የህክምና መረጃው ያለፈቃዱ ለቤተሰብ አይሰጥም፣ ነፍሱ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር። ክፍያውን (ፕሪሚየሙን) ራሱ በከፈለው ኢንሹራንስ መታከምም የመንግስት ድጎማ መቀበል አይደለም። ፖሊሲ ስትገዙ የአእምሮ ጤና ስንት ጉብኝት ይሸፍናል ብላችሁ ጠይቁ፣ ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ስኮላርሺፕ ስታስተዋውቁ ኢንሹራንሱን ማን ነው የሚገዛው የሚለውን ጠይቃችሁ ጻፉልን። የጀርመኑ ዳአድና የአውሮፓ ህብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፖች ለተማሪዎቻቸው ኢንሹራንስ ያቀርባሉ፣ ብዙ ሌሎች ግን የትምህርት ክፍያ ብቻ ሸፍነው ኢንሹራንሱን ለተማሪው ይተዉታል፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚለውን ያነበበ ሰው ይሄን አያስበውም። ሽፋኑ ለሚስት፣ ለባልና ለልጅ ይሆናል ወይ፣ ከየትኛው ቀን ይጀምራል በየትኛው ቀን ያበቃል የሚለውም ይጻፍ። ተማሪው ክፍል ከመጀመሩ ሁለት ሶስት ሳምንት ቀድሞ ይገባል፣ የትምህርት ቤቱ ፕላን ግን ከሴሚስተሩ ጋር ነው የሚጀምረው፣ መሀል ላይ ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ሲመረቅም እንደዛው፣ አሜሪካ ተመርቆ ስራ ልምምድ ላይ ያለ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ፕላን ወጥቶ አሰሪው እስኪያስገባው ድረስ ያለ ምንም የሚቆይበት ወራት አለ፣ ቪዛው አላለቀም ኢንሹራንሱ ግን አልቋል።

ኤጀንቶችንም አነጋግሩልን እባካችሁ። ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም፣ ግን ለምን ይሄን ፖሊሲ መረጣችሁለት፣ የማይሸፈኑትን አሳይታችሁታል ወይ፣ ከኩባንያው ኮሚሽን ታገኛላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ጋዜጠኛ እስካሁን አላነበብኩም። ልጁ ገንዘቡን ሲከፍል ፖሊሲው ሙሉ ሰነዱ በእጁ ሊሰጠው ይገባል፣ የምስክር ወረቀቷ አንድ ገጽ ብቻ አትበቃም፣ አይሸፈንም የሚለው ሁሉ ያለው በሌላው ሰነድ ላይ ነው።

ለሚሄዱት ደሞ ከመሄዳችሁ በፊት የክትባት ካርዳችሁን፣ ያለባችሁን ህመም የሚገልጽ የሀኪም ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ የምትወስዱትን መድሃኒት በብራንድ (በንግድ) ስሙ ሳይሆን በጀነሪክ ስሙ፣ ማለት በመድሃኒቱ በራሱ መጠሪያ፣ ጽፋችሁ ያዙ፣ ብራንዱ እዛ ላይታወቅ ይችላል። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ሳያዩ ስለማይመዘግቡ ካርዱ የጠፋበት እዛ ሄዶ እንደገና ከፍሎ ይከተባል። የኢንሹራንስ ካርዱን የፊትና የኋላ ፎቶ አንስታችሁ ለክፍል ጓደኛችሁም ላኩለት፣ ራሳችሁን ስታችሁ ብትወድቁ ስልካችሁን ከፍቶ የሚፈልግላችሁ የለም።

በዚህ ጉዳይ ተከታታይ ጽሁፍ ለማውጣት ካሰባችሁ የተማሪዎቹን ስም አጥፍቼ የፖሊሲ ሰነዶችና የክሌም መልሶች፣ ባለቤቶቹ እስከፈቀዱ ድረስ፣ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ። አብዛኛው ትምህርት የሚጀምረው ነሐሴና መስከረም ላይ ስለሆነ ቢዘገይ እስከ ሰኔ ድረስ ቢወጣ ነው የሚጠቅመው፣ ፖሊሲ የሚገዛው በነዛ ወራት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ